ሜሪንና አንን ያጣላኋቸው እኔ ነበርኩ

የልብ ወለዴን የመጀመሪያ ረቂቅ ለታናሽ እህቴ በስልክ ያነበብኩላት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እርሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ለንደን። ቡናዋን አፍልታ በረካው እስኪደርስ ድረስ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አዳመጠችኝ። የመረጥኩላት ምዕራፍ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነበር። ሜሪ ቦሊን የእህቷን የአንን አዲስ ቀሚስ በመቀስ ትቆራርጣለች፤ አን ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ ታያታለች። በማግስቱ ንጉሡ ከአን ጋር ሊጨፍር ቃል ገብቶ ነበርና። አንብቤ ስጨርስ እህቴ ትንሽ ቆየችና፣

«እታለም፣ ላባ የት አለ?» አለችኝ።

«የቱ ላባ?»

«የልያና የራሔል አባት ነዋ። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ወንድ ሲሻሙ ጽፈሻል። እንዲሻሙ ያደረጋቸው ሰው ግን ታሪክሽ ውስጥ የለም።»

በዚያች ጥያቄ ምክንያት ሦስት ዓመት የደከምኩበትን ረቂቅ ከግማሽ በላይ ጣልኩት። ይህን የምጽፈው በአማርኛ የታሪክ ልብ ወለድ ለመጻፍ ለሚያስቡ፣ በተለይም እንደ እኔ በሰው አገር ቤተ መንግሥት ታሪክ ልባቸው ለተሰረቀ ሰዎች ነው። ለንጉሥ ሞገስ የሚፎካከሩ እህትማማቾች ታሪክ አንባቢን አንቆ ይይዛል። ጸሐፊንም አንቆ ይይዛል፤ የእኔ ችግር እዚህ ላይ ነበር።

ለንደን የምተዳደረው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ከምንከባከባቸው እናት አንዷ አልጋቸው አጠገብ አንድ መደርደሪያ ሙሉ የታሪክ ልብ ወለድ ነበራቸው፤ ዓይናቸው ሲደክም እኔ አነብላቸዋለሁ። ግማሹ ስለ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛና ስለ ሚስቶቹ ነው። ሁለቱ የቦሊን እህትማማቾች ግን በየመጽሐፉ እየተመላለሱ ይመጣሉ፤ አንዷ የዋህ፣ ሌላዋ መሠሪ፤ አንዷ ትወዳለች፣ ሌላዋ ታሰላለች። እኒያ እናት ካረፉ በኋላም ሁለቱ ሴቶች ከአእምሮዬ አልወጣ አሉ።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሄንሪ በ1509 ነገሠና በዚያው ዓመት የሟች ወንድሙን ሚስት፣ የአራጎኗን ካትሪንን አገባ። ከካትሪን ያደገችለት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት። ቶማስ ቦሊን የተባለ መልእክተኛው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ነበሩት፤ ሜሪ፣ አን እና ጆርጅ። ንጉሡ አስቀድሞ ሜሪን ወዳጁ አደረጋት። ከዓመታት በኋላ አንን ወደደ፤ እርሷን ለማግባት ሲል ካትሪንን ፈታ፣ ከሮማው ጳጳስ ተጣላ፣ በ1534 ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። አን በጁን 1 ቀን 1533 ዘውድ ጫነች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በሜይ 19 ቀን 1536፣ በለንደን ግንብ ቅጥር ውስጥ አንገቷ በሰይፍ ተቀላ። ወንድሟ ጆርጅ ከሁለት ቀን በፊት ተገድሎ ነበር። ከሦስቱ የተረፈችው ሜሪ ብቻ ናት።

ስጽፍ የሄድኩበት መንገድ ስሕተቱ ይኸው ነው። መጀመሪያ ጠቡን ጻፍኩ፤ ከዚያ ለጠቡ የሚሆን ዘመን ፈለግሁለት። ሜሪ ከንጉሡ እልፍኝ ስትወጣ አን በሌላው በር ስትገባ፣ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ወር ለአንድ ሰው ሲያጌጡ። የእህቴ ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሣኝ ግን አንድ ደብተር ገዛሁና ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩ። በግራ ሰነድ የሚናገረውን፣ በቀኝ እኔም ሆንኩ ሌሎች ልብ ወለድ ጸሐፊዎች የጨመርነውን። ለሚጀምር ሰው ሁሉ ከምንም በፊት ይህን አድርጉ የምለው ከልቤ ነው፤ አንዲት መስመር ታሪክ ከመጻፋችሁ በፊት።

የግራው ገጽ እንዲህ ሆነ። ሜሪ በፌብሩዋሪ 1520 ዊልያም ኬሪ የተባለውን የንጉሡን ባለሟል አገባች፤ ሄንሪ ራሱ በሠርጉ ተገኝቷል። የታሪክ ጸሐፊዎች ከንጉሡ ጋር የነበራትን ግንኙነት ከ1522 አካባቢ ይጀምሩታል፤ ከ1525 ወይም ከ1526 አያሳልፉትም። አን ልጅነቷን በውጭ አገር ነው ያሳለፈችው። በ1513 ዛሬ ቤልጂየም ወዳለችው ወደ መሄለን፣ ወደ ኦስትሪያዋ ማርጋሬት ቤት ተላከች፤ ከዚያ በፈረንሳይ ንግሥት በክሎድ ቤት ዓመታትን ኖረች። አገሯ የተመለሰችው በ1521 መጨረሻ ወይም በ1522 መግቢያ ነው። ንጉሡ እርሷን ማሳደድ የጀመረው በ1526 ገደማ ሲሆን ያን ጊዜ የሜሪ ነገር አብቅቶ ነበር።

ታዲያ ሩጫው የት አለ? አንዷ ከሜዳው ከወጣች በኋላ ነው ሌላዋ የገባችው። እሽቅድምድም እንዲሆን ከተፈለገ ዓመታቱን ጨምቆ አንድ ላይ ማጣበቅ ያስፈልጋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የደብተሩ ቀኝ ገጽ ሞልቶ ፈሰሰ፤ የቀሚሱ መቀስ፣ የተሰረቀው ቀለበት፣ በር ላይ የተሰማው ሹክሹክታ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ሜሪና አን እርስ በርስ የተጻጻፉት አንድ ደብዳቤ እንኳ አልደረሰንም። እኔ ግን አሥራ አንድ ጽፌላቸው ነበር፤ ሁሉም የስድብ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ንጉሡ ደብዳቤዎች የሄድኩት። ሄንሪ ለአን የጻፋቸው 17 የፍቅር ደብዳቤዎች ዛሬም በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ እርሷ የመለሰችለት አልቆየም። አብዛኛው ናፍቆት ነው። አንደኛው ላይ ስደርስ ግን ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። በጁን 1528 በእንግሊዝ የላብ በሽታ የሚሉት ወረርሽኝ ገብቶ ነበር፤ ሰው ጠዋት ታምሞ ማታ የሚሞትበት። አን ታመመችና ተረፈች፤ የሜሪ ባል ዊልያም ኬሪ ግን ሞተ። ሜሪ ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ ባዶ እጇን ቀረች። በዚያን ሰሞን ንጉሡ ለአን ሲጽፍ፣ የእህትሽን ጉዳይ በተመለከተ ሐሳቤን ለአባትሽ አስጽፌለታለሁ፣ ሰው ምንም ቢል በዚህ የጭንቅ ሰዓቷ የአብራኩን ክፋይ አለመቀበል ለክብሩ አይሆንም የሚል ነገር ይላታል።

ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። አባት ባሏ የሞተባትን ልጁን ለመቀበል ንጉሥ ማስጻፍ ካስፈለገው፣ በሩን ዘግቶባት ነበር ማለት ነው። ጉዳዩን ለንጉሡ ያቀረበችው ደግሞ አን ካልሆነች መልሱ ለእርሷ ለምን ይጻፋል? በረቂቄ ውስጥ እህቷን ቁራሽ እንዳታገኝ የምታደርገው አን፣ በሰነዱ ውስጥ ስለ እህቷ ደጅ የምትጠና ሆና ተገኘች። የሜሪ ልጅ የትንሹ ሄንሪ ኬሪ ሞግዚትነትም ለአን ተሰጠ። ልብ ወለዶች ይህን «ልጇን ነጠቀቻት» ብለው ያቀርቡታል፤ እኔም እንዲያ ነበር የጻፍኩት። በዚያ ዘመን ግን አባቱ የሞተበትን የባላባት ልጅ ለሀብታም ዘመድ አሳልፎ መስጠት የተለመደ ነበር፤ ልጁን የሚያሳድግና የሚያስተምር ሰው ተገኘለት ማለት ነው። ያቺ አንዲት ደብዳቤ አሥራ አንዱን የፈጠራ ደብዳቤዎቼን አስቀደደችኝ።

እህቴ ስለ ላባ ለምን እንደጠየቀች የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን በአደባባይ ጽፌው አላውቅም። ልጆች ሳለን ውጭ የሚኖር ዘመዳችን ከሁለታችን አንዷን ወስጄ አስተምራለሁ ብሎ ለአባታችን ላከ። አንዷን ብቻ። ማንኛችን እንደሆንን አልተነገረንም፤ «የጎበዘችው» ተባለ። ዓመቱን ሙሉ እኔና እህቴ በአንድ አልጋ እየተኛን አንነጋገርም ነበር። እርሷ ደብተሯን ስትሸፍን እኔ የእኔን እሸፍናለሁ። የአባታችንን እግር ማጠብ ሳይቀር ተሻማን። በኋላ የሄድኩት እኔ ነኝ። እርሷ ሸኝታኝ ስትመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ያላትን አንድ ሹራብ ከታ አገኘሁት። ለምን አንድ ብቻ እንደተባለ፣ ለምን በእኛ መካከል ውድድር እንዲሆን እንደተደረገ ሁለታችንም ያኔ አልጠየቅንም። እርስ በርሳችን ነበር የተቀያየምነው። ላባን የጠየቀችኝ ይህን ዓመት የኖረችው እህቴ ናት።

የልያንና የራሔልን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ላይ ሁለቱ በእንኮይ ምክንያት ሲከራከሩና የያዕቆብን ሌሊት ሲገበያዩበት እናነባለን። ከአንድ ምዕራፍ በፊት ግን ልያን በጨለማ ያስገባት፣ ሰባት ዓመት የሠራውን ሰው አታሎ ሁለቱን እህትማማቾች ጣውንት ያደረጋቸው አባታቸው ነው። እንኮዩን እናስታውሳለን፤ ላባን እንረሳዋለን።

ስለዚህ በሁለተኛው ረቂቅ ላባን ፈለግሁ፤ ቶማስ ቦሊን ላይም አረፍኩ። ይህም በራሱ ሌላ ስሕተት ሆነብኝ፤ እንዳትደግሙት እነግራችኋለሁ። ማዕረጉ ይቆጠራል። በ1525 የሮችፎርድ ቪስካውንት፣ በ1529 የዊልትሻየርና የኦርመንድ ኧርል፣ በ1530 የንጉሡ የግል ማኅተም ጠባቂ ሆነ። ይህን አይቼ ልጆቹን ለገበያ የሚያቀርብ ጨካኝ አባት ሳልኩ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከሚስቱ ወንድም ከኖርፎክ መስፍን ጋር የሚዶልት። ደብተሬን ስመለከተው ግን ዱለታው ያለው በቀኙ ገጽ ብቻ ነው። ልጆቹን ወደ ንጉሡ ገፋ የሚል ሰነድ በግራው የለም። ቶማስ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ በራሱ ሥራ ጭምር የተሾመ ሰው ነበር።

የዚያ አገር ላባ አንድ ሰው አልነበረም። ከዙፋኑ ጀምሮ እስከ ውጭው በር የተዘረጋው ደጅ ጥናት ነው። መሬት፣ ሹመት፣ የልጅ ጋብቻ፣ የሟች ውርስ፣ ሁሉም በአንድ ሰው ፈቃድ ይንጠለጠላል፤ ያ ሰው ደግሞ ዓይኑ ያረፈባትን ሴት እምቢ ልትለው የምትችልበት በር የለም። ሜሪ እሺ አለች ወይስ ማለት ነበረባት? አን ለዓመታት እምቢ ስትል አባቷም አጎቷም ወንድሟም የሚበሉት ከዚያው ሰው እጅ ነው። ይህ ሲገባኝ አንዱን ክፉ ሰው ከመጽሐፉ አወጣሁትና ደጁን ራሱን አስገባሁ። በሩን፣ ወረፋውን፣ ቀዝቃዛውን የድንጋይ ወለል፣ ስሙ እስኪጠራ ቆሞ የሚውለውን ሰው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜዬን የበላውና ደስታም የሰጠኝ እርሱ ነው። አማርኛ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ነው። የንግሥት አጃቢ ወይዛዝርት ለማለት ስንት ቀን ተጨንቄ ኖሮ፣ «ደንገጡር» የምትል ቃል እናቴ አፍ ውስጥ ነበረች። ሜሪም አንም የካትሪን ደንገጡሮች ነበሩ፤ አለቀ። «ባለሟል»፣ «እልፍኝ»፣ «ደጅ መጥናት»፣ «ሞገስ» የሚሉት ቃላት ሌላ ማብራሪያ አያሻቸውም። ማዕረጎቹን ግን ተጠንቀቁ። በመጀመሪያው ረቂቅ የኖርፎኩን መስፍን «ራስ»፣ ኧርሎቹን «ደጃዝማች» ብዬ ነበር። አንባቢዬ ወዲያው ጎንደር ገባ፤ ለንደንን ላሳየው አልቻልኩም። ስለዚህ የአሠራሩን ቃል ከእኛ ወሰድኩ፣ የማዕረጉን ስም በየአገሩ ተውኩት።

ከሁሉ የከበደኝ ሜሪን ምን ብዬ እንደምጠራት ነው። «ቅምጥ» ብዬ ነበር፤ ቅምጥ ግን ቤት ተሰጥቷት የምትኖር ናት፣ ሜሪ ደግሞ ባል አላት። «ዕቁባት» መጽሐፍ ቅዱሳዊ ክብደት አለው። «ውሽማ» የሚለው ከእውነቱ ይቀርባል፤ ነገር ግን ነውሩን ሁሉ በሴቲቱ ትከሻ ይጭነዋል። በመጨረሻ ቃሉን ለገጸ ባሕርያቱ ተውኩላቸው። ጠላት ውሽማ ይላታል፣ ካህኑ ዕቁባት ይላታል፤ እኔ ተራኪዋ በስሟ ሜሪ እላታለሁ። አንድ ቃል ከመምረጣችሁ በፊት የማን አፍ ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። «ጣውንት» የምትለውንም ከመጽሐፉ አወጣኋት፤ ሁለቱ በአንድ ዘመን የአንድ ሰው ስላልነበሩ።

እውነተኛ ፉክክር ለሚፈልግ ሰው ታሪክ እርሱንም አይነፍገውም። አንድ ሰሞን ቦሊኖቹን ትቼ ወደ ቬርሳይ ልሄድ ተነሥቼ ነበር። በፈረንሳዩ ሉዊ 15ኛ ዘመን የማይ ኔል ቤተሰብ አምስት እህትማማቾች ነበሩት፤ ከእነርሱ ሦስቱ የንጉሡ ወዳጅ እንደሆኑ ጥርጥር የለም፣ አራተኛዋም ትጨመራለች። ታላቋ ሉዊዝ ቀድማ ገባች። ፖሊን የተባለችው ታናሽ ወደ ቤተ መንግሥት አስጠሪኝ ብላ ለመነቻት፤ ሉዊዝ አስጠራቻት፤ ንጉሡም ወደ ፖሊን አዘነበለ። ፖሊን በ1741 ወንድ ልጅ ወልዳ ወዲያው ሞተች። ቀጥላ የመጣችው ማሪ አን ግን አንዳች አልሸሸገችም። እሺ ከማለቷ በፊት ሉዊዝ ከቤተ መንግሥት እንድትባረር ጠየቀች፣ ተፈጸመላትም፤ በ1743 የሻቶሩ ዱሼስ ተባለች። በነሐሴው፣ በኦገስት 1744፣ ንጉሡ ሜትስ ከተማ ላይ ለሞት ሲያጣጥር ንስሐ አባቶቹ ካላባረርካት አናቆርብህም አሉት፤ አባረራት። ሲድን ሊመልሳት ፈለገ፤ በዲሴምበር ግን ሞተች፤ ገና 27 ዓመቷ ነበር። ሉዊዝ ቀሪ ዘመኗን በጸሎትና በምጽዋት አሳለፈች።

እህት እህቷን ያስወጣችበት ታሪክ ይህ ነው፤ ዘመኑም ሰነዱም ይመሰክራል። ፉክክሩን መጻፍ ከፈለጋችሁ ፉክክር ወደ ነበረበት ሂዱ። የሞቱ ሴቶች ላይ ያልሠሩትን አትጫኑ፤ መልስ ሊሰጡ አይችሉምና። ይህን ስል እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አድርጌዋለሁና። እኔ ወደ ቬርሳይ ያልሄድኩት ሜሪን መተው ስላቃተኝ ነው።

በአንድ የእረፍት ቀኔ በባቡር ወደ ኬንት፣ ወደ ሄቨር ግንብ ሄድኩ፤ ቦሊኖቹ ያደጉበት ቤት ነው። በውኃ የተከበበ፣ ከጠበቅሁት በላይ ትንሽ ግንብ ነው። እዚያ ከመስታወት ሥር የአን የነበሩ ሁለት የጸሎት መጻሕፍት አሉ፤ እኛ ሰዓታት የምንለው ዓይነት፣ የየሰዓቱ ጸሎት የተጻፈባቸው። አንደኛው ላይ በገዛ እጇ በፈረንሳይኛ «ጊዜው ይመጣል» ብላ ስሟን ጽፋለች። ሌላው ላይ በምትጸልዩበት ጊዜ አስቡኝ የሚል የእንግሊዝኛ ስንኝ አለ። ጽሕፈቱ ያጋደለ፣ የሚቸኩል ሰው እጅ ነው። በ2021 ደግሞ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ሲመረመር፣ ከዚህ በፊት ተፍቀው የጠፉ ስሞች በገጾቹ ላይ ተገኝተዋል፤ መጽሐፉን ከአን ሞት በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ደብቀው ያቆዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ስሟን መጥራት በሚያስፈራበት ዘመን። መስታወቱ ፊት ቆሜ ስለ ቀሚሱና ስለ መቀሱ አሰብኩ፤ ሴቶች እርስ በርስ ከመበላላት ሌላ ሥራ የሌላቸው አድርጌ ምን ያህል ገጽ እንደጻፍኩ አሰብኩ።

ሁለቱ አልተጣሉም እያልኩ አይደለም፤ ይህንንም መደበቅ ሌላ ውሸት ይሆናል። በ1534 ሜሪ ማንንም ሳታስፈቅድ ዊልያም ስታፈርድ የተባለ ተራ ወታደር አገባች፤ ነፍሰ ጡር ሆና ቤተ መንግሥት ስትመጣ ነው የታወቀው። አን ያን ጊዜ ንግሥት ናት፤ ተቆጥታ አባረረቻት፤ አባታቸውም ጀርባውን ሰጣት። የጠቡ ምክንያት ግን ንጉሡ አልነበረም። የንግሥት እህት በጋብቻ ዋጋ ያላት ዕቃ ነበረች፤ ሜሪ ራሷን ለወደደችው ሰው በነጻ ሰጠች። ለንጉሡ አማካሪ ለቶማስ ክሮምዌል የጻፈችው የልመና ደብዳቤ ተርፏል። ዓለም ሁሉ ሲንቀኝ እርሱ አከበረኝ ትላለች፤ ከዚያም ከክርስቲያን ንግሥታት ሁሉ ታላቋ ከምሆን ከእርሱ ጋር እንጀራዬን ብለምን እመርጣለሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ለመመለስ አንድም ቀን አልወሰደብኝም፤ እንጀራ መለመን ራሱ የእኛ አነጋገር ነውና። እዚያ ላይ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ይህን ስትጽፍ ንግሥቲቱ እህቷ ናት። የሚያነብላት ሰው ወሬውን ለአን ሊነግር ይችላል። ድፍረት ነው ወይስ ቂም? ምዕራፉን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ አንዱን ለድፍረቱ፣ አንዱን ለቂሙ። በመጨረሻ ሁለቱንም በአንድ ገጽ አስቀመጥኳቸው፤ እኔም ሹራቡን ሻንጣዬ ውስጥ ሳገኝ የተሰማኝ አንድ ብቻ አልነበረምና።

መጽሐፌ በአን ሞት እንዲያልቅ ነበር ያሰብኩት፤ አብዛኛው ልብ ወለድ እዚያ ያልቃል። የግራው ገጽ ግን ይቀጥላል። ሜሪ በ1543 አረፈች። የአን ልጅ ኤልሳቤጥ በ1558 ስትነግሥ ከጎኗ ያሰለፈቻቸው የአክስቷን ልጆች ነው። ካትሪን ኬሪ ከቅርብ ደንገጡሮቿ አንዷ ሆነች። አን ያሳደገችው ያ ሄንሪ ኬሪ በ1559 የሀንስደን ባሮን ተባለ፤ በእርጅናው ዘመን ሼክስፒር የነበረበት የተዋናዮች ቡድን ደጋፊ እርሱ ነው። ሁለት እህትማማቾች እስከ ሞት ጠላት ቢሆኑ ኖሮ ልጆቻቸው እንዲህ ይቀራረቡ ነበር? ቤተሰብ እንደዚያ ብቻ አይለካም፤ ግን የመጨረሻ ምዕራፌን ሰጠኝ።

ሌላው ምክሬ አጭር ነው። ረቂቃችሁን እህት ላላት ሰው አንብቡለት፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ። በዓይን ሲነበብ የሚያልፍ ውሸት በጆሮ አያልፍም።

ባለፈው ወር የአዲሱን ረቂቅ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለእህቴ አነበብኩላት። የመቀሱ ቦታ ላይ አሁን አንድ እውነተኛ ምሽት ገብቷል። በማርች 4 ቀን 1522፣ ዐቢይ ጾም በሚገባበት ዋዜማ፣ የንጉሡ ዋና ሹም በነበረው በካርዲናል ዎልሲ ቤት አረንጓዴ ግንብ የሚባል ትርዒት ተደረገ። ከእንጨት የተሠራ፣ በአረንጓዴ ያሸበረቀ ግንብ ላይ ስምንት ወይዛዝርት ነጭ ሐር ለብሰው ቆሙ፤ እያንዳንዷ የወከለችው ባሕርይ ስም በወርቅ ተጠልፎላታል። ሜሪ ደግነት ናት። ከፈረንሳይ ገና የተመለሰችው አን ጽናት። ከታች ንጉሡ የሚገኝበት የወንዶች ጭፍራ ግንቡን በቴምርና በብርቱካን ይደበድባል፤ ከላይ ሴቶቹ የጽጌረዳ ውኃና ከረሜላ ያርከፈክፋሉ። በእኔ ምዕራፍ ውስጥ ሜሪ ከመውጣታቸው በፊት የአንን ቆብ ታስርላታለች፤ ትርዒቱ ሲያልቅም ሁለቱ ከእንጨቱ ግንብ ጀርባ ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። ይህ የቀኙ ገጽ ነው፤ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ በደብተሬም እንዲያው ብዬ ጽፌዋለሁ።

እህቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «ቅበላ ነው ብለሻል አይደል?» አለች።

«አዎ፣ ነገ ጾም ነው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ቴምር መሬት ላይ ያድራል? ይብሉት እንጂ!»

ስልኩን ሳልዘጋ ብዕሬን አነሣሁ። አን ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ ቴምር ለቀመች፤ በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ ግማሹን ለሜሪ ሰጠቻት።